እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ

በአገራችን «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚባል አነጋገር እንዳለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። ትርጉሙ በእውነት የገባኝ ግን ባለፈው ክረምት፥ ከአገሬ እጅግ ርቄ፥ በካሪቢያን ባሕር ላይ፥ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ነገሩን ሳወራው ኀፍረት ይሰማኛል፤ ቢሆንም ከመሸሸግ መናገሩ ይሻላልና እነሆ አወጋችኋለሁ።

እኔ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነኝ። ዕድሜዬ ሃያ ስድስት ሲሆን፥ ባሕር የሚባለውን ነገር ከካርታና ከሥዕል በቀር አላውቀውም ነበር። በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ የምትኖረው ታላቅ እኅቴ፥ ትምህርት ቤት ሲዘጋ መጥቼ እንድጠይቃት ወጪዬን ችላ ጠራችኝ። እዚያው ያጎቴ ልጅ አለ። እኔና እሱ በአንድ መደብ ላይ ተኝተን፥ በአንድ ትሪ በልተን ያደግን ነን። ሌሊት ሌሊት ታክሲ እየነዳ የሚኖር ስለ ሆነ አራት ዓመት ሙሉ ዕረፍት አላየም። እኅቴም «ሁለታችሁንም አንድ ጊዜ ላዝናናችሁ» ብላ፥ ከባልዋና ከልጆችዋ ጋር ከማያሚ ወደብ በሚነሣ የመዝናኛ መርከብ የሰባት ቀን ጉዞ ገዛችልን።

መርከቡ መርከብ አይምሰላችሁ፤ በውኃ ላይ የቆመ ከተማ ነው። ቲያትር ቤቱ፥ መዋኛው፥ የልጆች መጫወቻው፥ የምግብ አዳራሹ ሁሉ በየፎቁ ተደርድሯል። መጠጥ ቤት ግን በየማዕዘኑ አለ።

ገና ከወደቡ ሳንነቃነቅ እያንዳንዳችን ወደተመደበልን መሰብሰቢያ ቦታ እንድንሄድ ታዘዝን። ተንሳፋፊውን ሰደርያ እንዴት እንደምንለብስ፥ ሰባት አጫጭርና አንድ ረጅም ጥሪ ስንሰማ ወዴት እንደምንሄድ ተነገረን። ይህ ሥርዓት በብዙ ነፍስ ዋጋ የተገዛ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1912 ዓ.ም. ታይታኒክ ከ1,500 በላይ ሰው ይዛ ከሰጠመች በኋላ፥ መንግሥታት በ1914 ዓ.ም. በሎንዶን ተሰብስበው በባሕር ላይ ስለ ሰው ሕይወት ደኅንነት የመጀመሪያውን ስምምነት ተፈራረሙ። ይኸው ስምምነት እየታደሰ እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው መርከብ ከ4,200 በላይ ሰዎችን ጭና በኢጣሊያ ጠረፍ ከአለት ጋር ስትጋጭ 32 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዕለት ከተሳፈሩት ብዙዎቹ ይህን ትምህርት ገና አላገኙም ነበር፤ ሕጉ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ማቆየትን ይፈቅድ ነበርና። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግን መርከብ ከመነሣቱ በፊት ወይም እንደ ተነሣ ወዲያው እንዲሰጥ ግዴታ ሆነ።

እኔ እንደ ተማሪ አንገቴን አስግጌ ስሰማ ያጎቴ ልጅ ሰዓቱን ይመለከት ነበር። መጠጥ ቤቶቹ የሚከፈቱት ይህ ሲፈጸም ነውና።

ስለ መጠጡ ቁጥጥር ጥቂት ልንገራችሁ። ሻንጣችን ሁሉ በመመርመሪያ መሣሪያ ውስጥ አልፏል። ከፊታችን የነበረ አንድ ሽማግሌ ያመጣው የአረቄ ጠርሙስ ተወስዶበት፥ ጉዞው ሲያልቅ እንደሚመለስለት ተነገረው። ይህ የሚደረገው ስለ ደኅንነት ነው ይላሉ፤ ውሸት አይደለም። ነገር ግን የገዛ መጠጣቸው እንዲሸጥላቸውም ጭምር መሆኑን ለመረዳት ብዙ መመራመር አያስፈልግም።

የመጠጡ አሻሻጥ ደግሞ በጥቅል ነው። በቀን ከ60 ዶላር በላይ አስቀድሞ የከፈለ ሰው የፈለገውን ይጠጣል። ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል የሚያድሩ ከሆነ አንደኛው ብቻ መግዛት አይችልም፤ ሁለቱም መግዛት አለባቸው። እኔ ብዙ መጠጥ የማልወድ ሰው ብሆንም ያጎቴ ልጅ የኔንም ጨምሮ ከፈለ። «እንግዲህ ገንዘባችንን ማውጣት ነው» አለኝ እየሳቀ። ሁለታችንም በየካርዳችን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ15 በላይ የአልኮል መጠጥ ማዘዝ አንችልም ነበር።

15 መለኪያ! ልማድ ሆኖብኝ ሒሳቡን ሠራሁት። በአሜሪካ አቈጣጠር አንድ መለኪያ መጠጥ 14 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው፤ እንግዲህ 15ቱ 210 ግራም ይሆናል። የሐኪሞቹ መጻሕፍት እንደሚሉት አንድ ወንድ በሁለት ሰዓት ውስጥ አምስት መለኪያ ቢጠጣ ከልክ አልፏል። ጕበት ደግሞ በአንድ ሰዓት የሚያጣራው አንድ መለኪያ ያህል ብቻ ነው። እንግዲያውስ ይህ 15 የተባለው ቁጥር ሰውን ከስካር የሚከለክል አጥር ሳይሆን፥ ከሰከረ በኋላ የሚያገኘው በር ነው።

በዚያው መርከብ ላይ ለሚሠሩት ግን ሕጉ ሌላ ነው። በ2010 ዓ.ም. በማኒላ በተሻሻለው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት፥ አዛዡና መኮንኖቹ እንዲሁም የደኅንነት ሥራ ያለባቸው መርከበኞች በደማቸው ውስጥ ያለው አልኮል ከ0.05 በመቶ እንዲያልፍ አይፈቀድላቸውም። መርከቡን የሚነዳው ሰው ንቁ መሆን እንዳለበት ዓለም ተስማምቷል። ተሳፋሪውን የሚጠብቀው ግን ማን ነው?

በሦስተኛው ምሽት የሆነው ይህ ነው። ያጎቴ ልጅ ከቀትር ጀምሮ ሲጠጣ ውሎ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ 15ቱን ጨረሰ። ካርዱን ሲሰጥ አሳላፊው ራሱን ነቀነቀ፤ «ለዛሬ አበቃ ጌታዬ» አለው። በዚያን ሰዓት ያጎቴ ልጅ ወደኔ ዞሮ አንገቴን አቀፈና «በሞቴ! በካርድህ አንዲት ብቻ አምጣልኝ» አለኝ። እኔ የጠጣሁት ሁለት ብቻ ነበር። ሄጄ አዘዝሁ። አሳላፊው ፊቴን አየና «ለራስዎ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። «ለራሴ ነው» አልሁት። እንደዚህ እያልሁ አራት ጊዜ ተመላለስሁ።

በሞቴ የምንለውን ቃል እስቲ አስቡት። እናቶቻችን በጉርሻ ላይ፥ አባቶቻችን በጠጅ ላይ ይሉታል። እንግዳ እንቢ እንዳይል የምንይዝበት የፍቅር ገመድ ነው። እንቢ ያለ ሰው ወዳጁን እንደ ናቀ ይቈጠራል። እኔም ያን ሌሊት እንቢ ማለት ጭካኔ መስሎ ታየኝ።

ወደ ክፍላችን ገብተን ተኛን። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነፋስ ፊቴን ሲመታኝ ነቃሁ። አልጋው ባዶ ነው። የሰገነቱ በር ተከፍቶ መጋረጃው ይውለበለባል። ወጥቼ ባይ ያጎቴ ልጅ ወንበር ላይ ቆሞ፥ ከወገቡ በላይ ከመከታው ብረት ውጭ ተንጠልጥሎ፥ ቁልቁል ወደ አረፋው እያየ ይስቃል። «ና እይ፥ ውኃው ያበራል!» አለኝ። እንዴት እንደ ደረስሁ አላውቅም። ቀበቶውን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ኋላ ስስበው ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተዘረርን። እሱ ወድቆም ይስቅ ነበር። እኔ ግን እስኪነጋ ድረስ በሩን ቈልፌ፥ ቍልፉ ላይ እጄን አድርጌ ተቀመጥሁ።

በ2010 ዓ.ም. በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ከዚያ አገር ወደብ የሚነሡ ትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች የመከታ ብረታቸው ቁመት ከ42 ኢንች፥ ማለት ከአንድ ሜትር ከ7 ሳንቲ ሜትር ያህል፥ እንዳያንስ ታዟል። ቁጥሩ በዘፈቀደ የተመረጠ አይመስለኝም። የቆመ ሰው የክብደቱ ማዕከል ከእንብርቱ አካባቢ ስለ ሆነ፥ ብረቱ ከዚያ በላይ ሲውል ሰው ቢንገዳገድም ተደግፎ ይቀራል። ነገር ግን ወንበር ላይ ከወጣ ያው ብረት ከጉልበቱ ጥቂት ከፍ ብሎ ይቀራል። ያን ጊዜ ብረቱ መሰናከያ እንጂ መከታ አይደለም። ለተማሪዎቼ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የማስተምረውን ነገር በወንድሜ አካል ላይ አየሁት።

ቢወድቅስ ኖሮ? ትልቅ መርከብ እንደ መኪና ፍሬን ይዞ አይቆምም። ሰው መውደቁ ወዲያው ከታወቀ አዛዡ መሪውን አዙሮ በመጣበት መስመር ይመለሳል። በሌሊት ማንም ሳያይ ከወደቀ ግን ከየት ተነሥቶ ይፈለጋል? ያው ሕግ የወደቀ ሰው መኖሩን የሚያሳውቅ መሣሪያ በተገኘ መጠን እንዲተከል ያዛል፤ መሣሪያው ግን በሁሉም መርከብ ላይ የለም። በ2022 ዓ.ም. በኅዳር ወር አንድ ሰው ከእኅቱ ጋር በመጠጥ ቤት ቆይቶ ከወጣ በኋላ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ከመርከብ ወደቀ። እኅቱ መጥፋቱን ያስታወቀችው በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ነው። የጠረፍ ጠባቂዎች በዚያው ምሽት፥ ከ15 ሰዓት በላይ በውኃ ላይ ቆይቶ፥ በሕይወት አወጡት። ዓለም ሁሉ ተአምር አለው። ተአምር የተባለውም የዚህ ዓይነት ዕድል ጥቂት ሰው ብቻ የሚያገኘው ስለ ሆነ ነው።

ሲነጋ ያጎቴ ልጅ አንዳችም አያስታውስም። ስነግረው መጀመሪያ ቀለድሁ መሰለው፤ በኋላ ዝም አለ። ለእኅቴም ሁሉንም ነገርኋት፤ አራቱን ብርጭቆ ጨምሬ። እሷም ያጎቴን ልጅ ትታ እኔን ተመለከተችና፦ «አንተ ልጅ! ካርዱ እንቢ ያለውን አንተ እሺ አልኸው?» አለችኝ። እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁላትም።

የጥቅሉ ገንዘብ አይመለስም ተባልን። ቢሆንም ቡናና ለስላሳም በውስጡ ስለ ነበረ የቀሩትን ቀኖች በሎሚናታና በቡና ፈጸምናቸው። የሰገነቱን ወንበሮች ወደ ውስጥ አስገባኋቸው። ያጎቴ ልጅ አንድ ማታ በልጅነታችን ያደረግነውን እያነሣ ሲያስቀኝ ከመጠጡ ጊዜ ይልቅ ደስ የሚል ሰው ሆኖ አገኘሁት።

መርከቦቹን ያለ ወቀሳ ልለፋቸው አልፈልግም። አጠጪውና ጠባቂው አንድ ሆኖ፥ ለሚቀዳው ጉርሻ የሚጠብቅ አሳላፊ «ይበቃዎታል» እንዲል መመኘት ከባድ ነገር ነው። ካርዱ ብርጭቆ ይቈጥራል እንጂ ሰውን አያይም። በ2004 ዓ.ም. አንድ የፍሎሪዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፥ እስኪሰክር ድረስ አጠጥተውት ወድቆ ስለ ተጎዳ ተሳፋሪ የመርከቡ ባለቤት ሊከሰስ ይችላል ብሎ ወስኗል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ፍርድ ቤት የሚደርሰው ሰውየው ከወደቀ በኋላ ነው።

ስለዚህ፥ አንባቢዎቼ ሆይ፥ እናንተም ሆናችሁ በውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችሁ እንዲህ ባለ መርከብ ለመሳፈር ስታስቡ ይህን ያዙልኝ። የመጀመሪያውን ቀን ትምህርት ሳትንቁ ስሙ። የከፈላችሁትን ገንዘብ በሆዳችሁ ለማስመለስ አትሞክሩ። ሰገነት ካለ ወንበሩን ከብረቱ አርቁ። አብሯችሁ ያለ ሰው ሌሊት ካልተመለሰ እስኪነጋ ሳትጠብቁ ለመርከበኞቹ አመልክቱ። ካርዳችሁንም ለማንም አታውሱ።

ከተመለስሁ በኋላ በአንድ የዘመድ ሰርግ ላይ አጎቴ፥ የዚያው ልጅ አባት፥ ብርሌ ይዘው መጡና «በሞቴ!» አሉኝ። ልጃቸው ያን ሌሊት የሆነውን አያውቁም። ተነሥቼ ጉልበታቸውን ሳምሁና «እርስዎ ይኑሩልኝ አባባ፤ በሞትዎ አልጠጣም» አልኋቸው። ተቀይመው ይሆን ብዬ ሰጋሁ። ጥቂት ተመለከቱኝና ብርሌውን ለራሳቸው አስቀርተው አጠገቤ ተቀመጡ።