በምጥ የተሻገርኩት ጣና

ደቅ ላይ ተወልጄ ደቅ ላይ ተዳርኩ፤ የበኩር ልጄን ሳምጥም ደቅ ላይ ልሞት ነበር። ዛሬ ቆሜ የምናገረው ጎረቤቶቼ ተሸክመውኝ፣ ባለ ጀልባው ከነፋስ ጋር ታግለው፣ ሐኪሞቹም ተረባርበው ስላተረፉኝ ነው። የምመሰክረው ሌላዋ የደቅ እርጉዝ በዚያው መንገድ እንዳትሄድ ነው።

ደቅ ከጣና ደሴቶች ትልቁ ነው። በምዕራብ ዳርቻው እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ አለች፤ ከማዶ ደግሞ የአፄ ዘርአ ያዕቆብና የአፄ ፋሲለደስ አፅም ያረፈበት ዳጋ እስጢፋኖስ ይታያል። እንግዳ የሚመጣው እነዚህን ለመሳለም ነው። እኛ ግን ዳጉሳና በቆሎ እየዘራን፣ ማንጎ እያለማን፣ ዓሣ እያጠመድን የምንኖር ገበሬዎች ነን። ጨውም ሳሙናም በውሃ ይመጣልናል፤ በሽተኛም በውሃ ይሄዳል። ባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አየሩ ከተመቸ በሞተር ጀልባ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ካልተመቸ ግን የሚያውቀው እግዜር ብቻ ነው።

ምጡ የያዘኝ በሰኔ ነበር። ሴቶቹ ተሰበሰቡ፤ አማቴ ወገቤን በቅቤ እያሸች «አይዞሽ ልጄ፣ የበኩር ምጥ ይቆያል» ትለኛለች። ሌሎቹ «ማርያም ማርያም» ይላሉ። ሌሊቱ እንዲሁ ነጋ። በማግስቱ የመጣችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆዴን ዳስሳ፣ የምጡን ርዝመት ጠይቃ፣ አማቼን ወደ ደጅ ጠራቻቸው። በግድግዳው ስንጥቅ ድምጿ ይሰማኝ ነበር፦ «አባቴ፣ ልጁ ዳሌዋ ላይ ቆሟል። ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል፤ ለነገ የሚያድር ነገር አይደለም።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስብ አሁንም ያመኛል። ማንም ክፉ አልነበረም፤ ሁሉም ይሮጥ ነበር። ነገር ግን ባለቤቴ አባቱን፣ አባቱ ዘመድ አዝማዱን እስኪያማክሩ ረፈደ። አንዱ ጀልባ ሰው ጭኖ ሄዷል፤ ሌላው ቤንዚን የለውም። ቤንዚን ከየቤቱ በጄሪካን ሲለቃቀም ነፋሱ ተነሣ። ጣና ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋ ቢሆንም ጥልቀቱ 15 ሜትር እንኳ እምብዛም አይደርስም፤ እንዲህ ያለ ውሃ ቶሎ ይቆጣል። ታንኳ ቀዛፊዎቻችን በማለዳ ተነሥተው ከነፋሱ በፊት ለመመለስ የሚጣደፉት ለዚህ ነው። እስኪረግብ ተጠበቀ። በቃሬዛ ተሸክመውኝ ወደ ወደቡ ሲወርዱ ጨልሞ ነበር።

ጀልባው ላይ አማቴ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ ባለቤቴና ሁለት ጎረቤቶች ነበሩ። ዳጋን አልፈን ሰፊው ውሃ ላይ እንደወጣን ዶፉ ወረደ። ማዕበሉ ከጎን ሲመታን የሸፈነኝ ላስቲክ ተገፈፈ፤ የተኛሁበት ሰሌን በውሃ ራሰ። ጎረቤቶቻችን በተቆረጠ ጄሪካን ውሃ ይቀዳሉ፣ ይደፋሉ። በዚህ መሀል ሞተሩ ጠፋ።

ባለ ጀልባው አንድም ቃል አልተናገሩም። መቅዘፊያውን ለባለቤቴ ሰጥተው የጀልባውን አፍንጫ ወደ ነፋሱ እንዲይዝ በእጃቸው አመለከቱት። የእጅ ባትሪውን በጥርሳቸው ነክሰው የሞተሩን ክዳን ከፈቱ፣ ካንዴላውን ነቀሉ። ሸሚዛቸው ርሶ ስለነበር አማቴ ከቀሚሷ ሥር ደርቆ የቀረውን መቀነቷን ፈታ ሰጠቻቸው። ካንዴላውን በመቀነቱ ጫፍ ጠርገው መለሱት፤ ገመዱን ጎተቱ፣ ደገሙ፣ ሰለሱ። ሞተሩ ሲነሣ አማቴ ጮክ ብላ አለቀሰች። እኔ ማልቀስ አልቻልኩም፤ ልጄ መንቀሳቀስ ማቆሙን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

የዘጌን ጫካ በስተቀኝ ትተን፣ ክብራንን አልፈን ባሕር ዳር ስንደርስ ሊነጋጋ ነበር። ከወደቡ ባጃጅ ሆስፒታል አደረሰን። ኦፕራሲዮን አደረጉኝ፤ እኔ ተረፍኩ፣ ልጄ አልተረፈም። ሴቶቹ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲሉኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ሽንቴ ለረጅም ጊዜ በቱቦ ወረደ። ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ፣ ምጥ ሲራዘም የልጁ ራስ ፊኛን ከአጥንት ጋር ተጭኖ ደም ያሳጣዋል፤ ሥጋው ሲሞት ይበሳና ሴቲቱ ሽንቷን መቆጣጠር ያቅታታል። ፊስቱላ የሚሉት ይህ ነው። ባሕር ዳር ላይ በ1997 ዓ.ም. የተከፈተው የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል የሚያክመው እንዲህ የተጎዱ እናቶችን ነው። እኔን ቱቦው አዳነኝ። ጥቂት ሰዓታት ብንጨምር ኖሮ ግን ከልጄ ሌላ ጤናዬንም ባጣሁ ነበር።

ሁለተኛውን ስፀንስ ባለቤቴ ማንንም አላማከረም። የመውለጃ ወሬ ሳይገባ፣ ጣና ረግቶ ሳለ፣ ባሕር ዳር ዘመድ ቤት አስቀመጠኝ። ምጡ ሲመጣ ከሆስፒታሉ ደጅ ነበርኩ። ልጄ ዛሬ ደቅ ላይ ትሮጣለች።

የሁለቱን ልጆቼን ዕጣ የለየው በሐኪሞቹ እጅ የገባሁበት ሰዓት ነው። ስለዚህ የምለው ለሁሉም ነው። ባሎችና አማቾች፣ የጤና ባለሙያዋ «ትሂድ» ካለች ምክር አታስረዝሙ። የደቅ ጎረቤቶች፣ ለለቅሶ የምናዋጣውን ያህል ለምጥ የሚሆን ቤንዚን አስቀድመን እናስቀምጥ። ባለሥልጣናት ሆይ፣ በመኪና መንገድ የሚሄድ አምቡላንስ ደቅ አይደርስም፤ ለደሴት የሚያስፈልገው ሌሊትም ነዳጁ የተሞላ፣ ነጂው የታወቀ፣ አዋላጅ ያለበት ጀልባ ነው። ዘመድ የሌላትም በባሕር ዳር ወሯን የምትጠብቅበት የእናቶች ማቆያ ያስፈልጋታል። እኅቶቼ፣ እናንተም ነፋሱ ሳይነሣ ተሻገሩ።