የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ማነው?

በገጠሩ አገራችን ዕቃ ሲሰረቅ ሰዉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ባለጉዳዩን አንድ ሰው ለይቶ ማውጣት ነው ሥራው። የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገርም እንዲሁ ያለ ሸንጎ ነው። ከግሡ በፊት ብዙ ቃላት ይሰበሰባሉ። ሁሉም በአንድነት «ኮምፕሊት ሰብጀክት»፣ ሙሉው ባለቤት ይባላሉ። ግሡን የሚያዝዘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመካከላቸው አንዱ ስም ብቻ ነው፤ እሱ «ሲምፕል ሰብጀክት»፣ ዋናው ባለቤት ነው።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ከጃቢ ጠህናን ገጠር ስንቁን ተሸክሞ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ቤት ተከራይቶ ለሚማር ልጅ ግን ቀላል አይደለም። እስከ 8ኛ ክፍል ትምህርቱን በአማርኛ ሲማር ቆይቶ 9ኛ ሲገባ ታሪኩም ባዮሎጂውም እንግሊዝኛ ይሆንበታል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ እንግሊዝኛ እንዲሆን ደንግጓል።

ባለፈው ክረምት አንድ የዘመድ ልጅ ደብተሩን ይዞ መጣ። «ዘ ሳክስ ኦፍ ፔፐር ፍሮም ቡሬ» ከሚለው ቀጥሎ «ኢዝ ሄቪ» ብሎ ጽፎ ኤክስ ተደርጎበታል።

«ለምን ኢዝ አልህ?» አልሁት።

«ጋሼ፣ ቡሬ አንድ አይደለች እንዴ?»

ሳቄ መጣ፤ ግን ልጁ ያለ ምክንያት አልተናገረም። አማርኛው ነው የመራው። እኛ «ከቡሬ የመጡት የበርበሬ ጆንያዎች» ስንል ዋናው ስም መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ አጃቢዎቹ ሁሉ ከፊቱ ይሄዳሉ። ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. ባሳተሙት «የአማርኛ ሰዋስው» እንዲህ ያለውን ቃል የሐረጉ መሪ ይሉታል። በእንግሊዝኛው ግን ጆንያዎቹ ፊት ይቀድሙና በርበሬውና ቡሬ ይከተላሉ። ልጁ እንደለመደው ከግሡ አጠገብ ያለውን ስም ያዘ፤ ያገኘውም ቡሬን ነው።

«የምትኖርባት ከተማ ስሟ ማነው?» አልሁት።

«ፍኖተ ሰላም።»

«በአማርኛስ?»

«የሰላም መንገድ።»

«መንገዱ የት ሄደ?»

ጥቂት አሰበና «ወደ ኋላ!» አለ። በግዕዙ ፍኖት ይቀድማል፤ በአማርኛው መንገድ ይከተላል። እንግሊዝኛው «ሮድ ኦፍ ፒስ» ሲል የሚሄደው በግዕዙ ሥርዓት ነው። ልጁ ይህን ካየ በኋላ «ኦፍ»፣ «ፍሮም»፣ «ኢን»፣ «ዊዝ» የሚጎትቷቸውን ቃላት በእርሳስ እየሰረዘ ጆንያዎቹን ብቻውን አገኛቸው። «ኢዝ»ንም «አር» አደረገው።

ታዲያ ጎጃም የዋሸራና የጎንጅ አገር አይደለም ወይ? በቅኔ ቤት ባለቤትና ማሰሪያ መለየት የዘወትር ሥራ ነው። ሰዋስው የሚለው ቃል ራሱ በግዕዝ መሰላል ማለት ነው። መሰላሉ በደጃችን ቆሞ ሳለ የእንግሊዝኛውን ባለቤት ሕጉን በማሸምደድ ብቻ ፈልጉ ማለት ልጆችን በከንቱ ማድከም ነው።

ጉዳቱም በእንግሊዝኛ ፈተና አያበቃም። «ዘ ሩትስ ኦፍ ኤ ፕላንት አብዞርብ ዋተር» የሚለውን የባዮሎጂ ዐረፍተ ነገር የሚያነብ ተማሪ ባለቤቱ ሥሮቹ መሆናቸውን ካልለየ፣ ውሃ መጣጩ ተክሉ ነው ብሎ ያልፋል። ሥሩ ምን ይሠራል ተብሎ ሲጠየቅ ዝም ይላል። በባዮሎጂ ሰነፍ ነው ተብሎም ይመዘገብበታል፤ የጎደለው ግን ሰዋስው ነው። ያ ማርክ ደግሞ ስንቅ ቋጥራ የላከችውን እናቱን ተስፋ ጭምር ይዞ ይወድቃል። የ9ኛ ክፍል የመጀመሪያው ሳምንት የሁለቱን ቋንቋዎች አቀማመጥ ጎን ለጎን ለማሳየት ቢውል፣ ከጠመኔና ከሰሌዳ በላይ ወጪ አይጠይቅም።