በጎደሎ ቁጥር

በ2005 ዓ.ም. የዋልያዎቹን፣ የእግር ኳስ ብሔራዊ ቡድናችንን፣ አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻውን እኛ ደብረ ብርሃን ያለን ሰዎች እንደ ቅርብ ዘመድ ነበር የምናነሣቸው። ጥቅምት 4 ቀን ሱዳንን ስንገጥም አዲስ አበባ ስታዲየም ነበርኩ። ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ስለነበር ጎል ሳይገባብን ሁለት ማግባት ነበረብን። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ አገቡ። ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ተመለስን። አጠገቤ የቆመ የማላውቀው ሰው አቅፎኝ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን ጥር 13 ነው። ጥምቀትን አንኮበር አክብሬ፣ ቃና ዘገሊላንም እዚያው ውዬ በማግስቱ ደብረ ብርሃን ተመለስኩ። አመሻሹ ላይ አንድ ሻይ ቤት ጋቢያችንን ተከናንበን ቴሌቪዥኑን ከበብን። ተጋጣሚያችን ያለፈው ዋንጫ ባለቤት ዛምቢያ ነበረች። ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ከእረፍት በፊት ጎል ገባብን። ከዚህ በኋላ ልጆቹ ኋላ ተሰብስበው ኳስ ይጠልዛሉ ብለን ነበር። እነሱ ግን እየተቀባበሉ ወደፊት ሄዱ፤ አዳነ አገባና 1 ለ 1 ተለያየን።

በዚያው ሰሞን የሰፈራችንን ቡድን ልምምድ ላየው በማለዳ ሄድኩ። ውርጩ ገና ከሣሩ አልለቀቀም። አሠልጣኛቸው ከዛምቢያው ግጥሚያ ተምሮ መሰለኝ፣ ጨዋታውን አስቁሞ አንዱን ተከላካይ አስወጣ።

«ጋሼ፣ ጎደልን እኮ!» አለ አምበሉ።

«ጎድላችሁ ተጫወቱ። ኳሷን ግን እንዳትጠልዟት።»

መጀመሪያ ተደናገጡ፤ ጎል ሲገባባቸው እርስ በርስ ተጯጯሁ። ቆይተው ግን ተቀራረቡ፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ቦታውን ይሸፍንለት ጀመር፤ ቅብብሉም መጣ።

ዋልያዎቹ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈው ከምድባቸው ተሰናበቱ። በ2006 ዓ.ም. መግቢያ ለብራዚሉ ዓለም ዋንጫ አንድ ተጋጣሚ ብቻ ሲቀረን ያችው ናይጄሪያ አስቀረችን፤ አሠልጣኝ ሰውነትም በዚያው ዓመት ከኃላፊነታቸው ተነሡ። ብዙ ሰው ሥራቸውን በመጨረሻዎቹ ውጤቶች መዘነው። እኔ ግን የሰፈሬን ልጆች አይቻለሁ። አሠልጣኝ ሰውነት እነዚያን ልጆች አያውቋቸውም፤ ልጆቹ ግን ሰው ሲጎድል ኳስን አለመፍራት የተማሩት ከእሳቸው ቡድን ነው። ይህም ከውጤታቸው ጋር ሊቆጠርላቸው ይገባል።