መቀናጆ ያልገባበት ሠንጠረዥ



ሦስት ነን። አንዳችን በድጓ ትምህርት ስሟ ከሚነሣው ከቤተ ልሔም አቅራቢያ የጋይንት ልጅ፣ አንዳችን የስማዳ፣ አንዳችን የእስቴ። በ2007 ዓ.ም. በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የአደጋ ስጋት ትንተና የሚባለውን ኮርስ አብረን ወሰድን። ስንጀምር ቀላል መስሎን ነበር። በጉና ግርጌ ገብስ የሚያቃጥለውን ውርጭ፣ ወደ አባይና በሽሎ ሸለቆ ሲወረድ የሚቀረውን ዝናብ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል?

ትምህርቱ ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው። ዝናብ መቅረቱ አደጋ ነው፤ ስጋቱ የሚታወቀው ግን ዝናቡ የቀረበት ቤት ምን ያህል ተጋላጭ እንደሆነና ምን አቅም እንዳለው ሲታይ ነው። ስለዚህም ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ድርቅ እየደረሰባቸው ስጋታቸው ይለያያል። ይህን ለመለካት ሠንጠረዥ ይሠራል፤ የመድረስ ዕድሉ ከ1 እስከ 5፣ ጉዳቱ ከ1 እስከ 5፣ ከዚያ ይባዛል። 25 ከወጣ እንቅልፍ የለም።

ክፍላችንን ለሁለት የከፈለው የመድኑ ነገር ነበር። በ1998 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ፕሮግራም ለኢትዮጵያ ድርቅ ከፈረንሳዩ አክሳ ሪ የመድን ውል ገዝቶ ነበር። የተከፈለው 930,000 ዶላር፣ ከባድ ድርቅ ቢደርስ የሚገኘው እስከ 7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፤ መለኪያውም በ26 ጣቢያዎች የሚመዘገበው ዝናብ ነው። ዝናቡ ሰመረና ካሳ ሳይከፈል ቀረ። ግማሹ ተማሪ «ገንዘቡ ባከነ» አለ፤ ግማሹ «ዝናብ መጥቶልን እናዝናለን እንዴ?» አለ። እኛን የያዘን ግን ሌላ ነበር፤ ይህ ነገር ከቁማር በምን ይለያል? እስከ ሌሊት ተከራክረን፣ ተካፉል የሚባለው የመረዳዳት መዋጮ ለልባችን ይቀርባል ከማለት በቀር አልጨረስነውም።

በሰኔ ስለ ኤልኒኞ መወራት ሲጀምር የስማዳው ጓደኛችን ሠንጠረዡን በደብተሩ ይዞ ወደ ቤቱ ወረደ።

«አባባ፣ በሬውን አሁኑኑ ይሽጡት። ድርቅ ከገባ ከብት ይረክሳል፣ እህል ይወደዳል» አላቸው።

አባቱ ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረጉት። «መቀናጆው የቱ ጋ ነው የተጻፈ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። እሳቸው ያላቸው አንድ በሬ ነው፤ ባሏ የሞተባት ጎረቤታቸውም እንዲሁ አንድ። ሁለቱን ጠምደው የሁለቱንም ማሳ ያርሳሉ። የእሳቸው ከተሸጠ የእሷ በሬ ብቻውን ምን ይሠራል? ጓደኛችን ይህን እያወቀ ያደገ ልጅ ነው፤ ሠንጠረዡን ሲሞላ ግን ትዝ አላለውም። እኛም ብንሆን ትዝ አይለንም ነበር።

ተወኩል የጎደለው እንዳይመስልባቸው ሰግቶ ዝም ሲል፣ አባቱ «መጠንቀቁስ ደግ ነው ልጄ» አሉት። «ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) በጥጋቡ ሰባት ዓመት ለክፉ ቀን እህል አስቀምጠው የለ? ያስቀመጡት ግን ለአገሩ ሁሉ ነው።» አራት ፍየል ሸጠው ማሽላ ገዙና ጎታ ውስጥ ጨመሩ። በሬው ቀረ።

ዝናቡ ዘግይቶ ገባ፣ ቀድሞ ወጣ። በ2008 ዓ.ም. በአገሪቱ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው ቁጥር 10.2 ሚሊዮን ደረሰ። በሬው በኅዳር፣ ሰኔ ላይ ከሚያወጣው ግማሽ በማይሞላ ዋጋ ተሸጠ። «ሠንጠረዡ ልክ ነበር» አለን ጓደኛችን፤ ፊቱ ላይ ግን ደስታ አልነበረም። ስለ ጎረቤታቸው ጠየቅነው። በመቀናጆው የታረሰው ማሳዋ ጥቂት ሽምብራ ሰጥቷታል፤ ልጆቿን ይዛ አልተሰደደችም።

የዚያን ዕለት ማታ ሠንጠረዡን እንደገና ዘረጋነው። አቅም በሚለው ሥር «መቀናጆ» ብለን ጻፍን። ስንት እንስጠው? የጋይንቱ 4 አለ፣ የእስቴው 2 አለ። የስማዳው ወጥቶ ለአባቱ ደወለና ተመለሰ።

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ፣ እሷን ጠይቃት አሉኝ» አለን።