ለሽያጭ የቀረበ ቤት ምን ይጠገንለታል?

በመጠለያ ተቀምጦ ስለ ቤት ሽያጭ መጻፍ ቀልድ ሊመስል ይችላል። እኛ የምናድርበት ጎጆ እንደማይሸጥ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ከመካከላችን በጅቡቲ ከተማ እየሠራ፣ ፍራንክ በፍራንክ ላይ እያጠራቀመ፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ያቆመ አለ። እኅቱ ወይም አጎቱ እዚያ ቤት ያላቸውም አይጠፋም። ይህች ክፍል አንድ ቀን ትሸጣለች። የጉዞ ተራ ሲደርስ፣ ሕመም ሲጠና፣ ወይም ወደ ሀገር ለመመለስ ልብ ሲቆርጥ በእጅ ያለችው እርስዋ ብቻ ናት። በችኮላ የሚሸጥ ቤት ደግሞ የልፋቱን ዋጋ አያወጣም።

እኔ በዚያች ከተማ አያሌ ዓመታት በአናጢነትና በቀለም ቀቢነት ስኖር፣ ሊሸጡ የተሰናዱ ቤቶችን ስጠግን ቆይቻለሁ። ከዚያ የተረዳሁት ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ገንዘብ ያጠረው ሻጭ፣ ገዢው የሚያደንቀውን ሳይሆን ገዢው የሚፈራውን ነገር ያስጠግን የሚል ነው።

ገዢው ምን ይፈራል? በመጀመሪያ የሚፈራው ከነቤቱ መነሣትን ነው። ባልባላን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1966 ፈረንሳዮች ከተማዋን በእሾህ ሽቦ አጥር በከበቡ ጊዜ፣ እንዳይገባ የተከለከለው ሰው ከአጥሩ ውጭ ሰፈረ፤ ጣውላ፣ የዕቃ ሣጥን፣ የተደፈጠጠ በርሜልና ቆርቆሮ እየገጣጠመም ቤት ሠራ። ሰፈሩ የከተማዋ አካል የሆነው ነጻነት ከተገኘ ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1987 ነው። እንዲህ ባለ ሰፈር ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው መሬቱ ሳይሆን በላዩ ያረፈው ቤት ነው። ነገሩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም፤ ከሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ በሀገራችንም የከተማ ቦታ የመንግሥት ነውና። ስለዚህ ከመዶሻ በፊት ወረቀት ይቅደም። የይዞታ ፈቃድ ካለ፣ የመብራትና የውሃ ደረሰኝ ካለ፣ ቤቱ የማን እንደሆነ የሚመሰክሩ ጎረቤቶች ካሉ፣ እነዚህን አሰባስቦ በአንድ ከረጢት ማስቀመጥ ከሁሉ የረከሰ ጥገና ነው።

ሁለተኛው ፍርሃት ጣራው ነው። በጅቡቲ ከተማ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ በአማካይ 150 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ብዙ ሰው ጣራውን ይረሳዋል። ገዢ ግን ቤት እንደገባ አንገቱን ቀና አድርጎ በቀዳዳ የሚገባውን ብርሃን ይቆጥራል። የባሕሩ ጨው ምስማሩን በልቶት ቀዳዳው ይሰፋል። መድኃኒቱ ጣራውን በሙሉ መለወጥ አይደለም። የዛገውን ምስማር ነቅሎ በአዲስ መተካት፣ ከሥሩ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ክብ ጎማ ማግባት፣ ምስማሩንም በቆርቆሮው ጎድጓዳ ሳይሆን በጀርባው ላይ መምታት ነው፤ ውሃ የሚወርደው በጎድጓዳው ነውና። ትንንሹን ቀዳዳ ሬንጅ ይደፍነዋል።

ሦስተኛው ሙቀቱ ነው። በበጋው ወራት፣ ያ ትኩስ ነፋስ ሲነሣ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ገዢ በቀትር መጥቶ ከቤቱ ውስጥ ሩብ ሰዓት መቀመጥ ካልቻለ ዋጋ አይጠራም። ጣራውን ነጭ ቀለም መቀባት፣ ከቆርቆሮው በታች ሰሌን መወጠር፣ ፊት ለፊት አነስተኛ ዳስ መጣል፤ እነዚህ ሦስቱ ከአንድ የቤት ዕቃ ዋጋ ያነሰ ወጪ ይጠይቃሉ።

ለግድግዳው የብሎኬት ቤት ከሆነ ኖራ ይበቃል። ልብ በሉ፤ የአምቡሊ ጉድጓድ ውሃ ጨዋማ ስለሆነ በርሱ የተለሰነ ግድግዳ ነጭ ጨው እያወጣ ይፈረፈራል፤ በውስጡ ያለውም ብረት ይዝጋል። ከ2017 ጀምሮ ከኢትዮጵያ ከሐዳጋላ በቧንቧ የሚመጣ ጣፋጭ ውሃ ለከተማዋ ስለ ደረሰ፣ ሲሚንቶ የሚያቦካ ሰው ከዚያ ይቅዳ። የባሕር ዳር አሸዋም በነጻ ቢገኝ እንኳ አይነካ።

አሁን ከባዱን ነገር ላንሣ። ከአምቡሊ ወንዝ አጠገብ ሁለት ክፍል ቤት የነበራቸው አንዲት የሀገራችን እናት አስጠርተውኝ ነበር። የጉዞ ቀናቸው ተቃርቧል። በእጃቸው ያለው 20 ሺህ ፍራንክ ነው፤ ፍራንኩ ከ1973 ጀምሮ ለዶላር በተተመነለት ዋጋ 112 ዶላር ያህል ማለት ነው። በግድግዳው ላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቡናማ መሥመር አለ። የኖቬምበር 2019 ጎርፍ የተወው ምልክት ነው። ያ ወንዝ በአፕሪል 2004ም ሞልቶ ብዙ ሰው እንደ ገደለ በከተማው የማያውቅ የለም።

«ልጄ፣ ይህችን መሥመር በሰማያዊ ቀለም ሸፍንልኝ» አሉኝ።

«እማማ፣ ቀለሙ መሥመሩን ይሸፍነዋል፤ ወንዙን ግን አይሸፍነውም» አልኳቸው።

«እኔስ የት ልግባ? መሥመሩን ያየ ሰው ይገዛኛል?»

ጥያቄያቸው ትክክል ነበር፤ መልስ ስላጣሁ ጥቂት ዝም አልኩ። በኋላ ግን ቀለም ሊገዛበት በታሰበው ገንዘብ የበሩን ደፍ በሁለት ረድፍ ብሎኬት ከፍ አደረግን። ከቤቱ ጀርባ ውሃ የሚያሳልፍ ቦይ ቆፈርን። የአልጋውን እግር የሚያነሣ መደብ ሠራን። በተረፈው የላላውን ማጠፊያ ለውጠን መቀርቀሪያ ገጠምን። መሥመሩን አልነካነውም። የመጀመሪያው ገዢ መሥመሩን አይቶ ሄደ። እማማ ያን ቀን አላነጋገሩኝም። ሁለተኛው የሦስት ልጆች አባት ነበር። «ውሃው እስከዚህ መጥቶ ነበር፤ ቦዩ ይህ ነው፤ በክረምት ጽዳው» ብለው እርሳቸው ራሳቸው አሳዩት። ካሰቡት ዋጋ ዝቅ አድርጎ ገዛቸው፤ ሒሳቡን ግን በአንድ ጊዜ ቆጥሮ ሰጣቸው። የጎደለው ገንዘብ እንዳሳዘናቸው አልክድም። ይሁን እንጂ ዝናብ በመጣ ቁጥር የዚያ ሰው ልጆች የት እንደሚተኙ እያሰቡ በባዕድ አገር አይብሰለሰሉም።

እንግዲህ ወጪ የሚያስወጡ ከንቱ ነገሮችንም እናስወግድ። አዲስ ክፍል መጨመር፣ ወለሉን በሸክላ ማንጠፍ፣ የሚያብረቀርቅ በር መግዛት ለሻጭ አይበጅም። ለዚህ ብሎ የሚበደር ሰው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው ይሆናል። ገዢው እንደኛው ድኻ ነውና ለጌጥ የሚከፍለው የለውም።

እኛ ስደተኞች ደግሞ ሌላ ነገር አለብን። በዚህ አገር የምንገበያየው በአብዛኛው እርስ በርሳችን ነው። ዛሬ በባልባላ ቤት የሸጠ ሰው ነገ በአሊ አዴ ወይም በሆልሆል ከገዢው ዘመድ ጋር ውሃ ሊቀዳ ይሰለፋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ የተሸፈነ ቀዳዳ በመጀመሪያው ዝናብ ይጋለጣል። ስለዚህ ጣራችሁን ምቱ፣ ደፋችሁን ከፍ አድርጉ፣ መቀርቀሪያችሁን አጥብቁ፤ መጠገን ያልቻላችሁትን በአፋችሁ ተናገሩ። ለሻጭ መንገዱን፣ ለገዢም ደጁን ያቅናለት።