በሩን የደገፈችው ወንበር

ኬሚስትሪ ማስተማር በጀመርሁባቸው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የክፍሌ በር በትምህርት ሰዓት ተዘግቶ አያውቅም ነበር። በሩ ከባድ ነው፤ ከላዩ የተገጠመለት የብረት ክንድ እየገፋ ይዘጋዋል፤ ሠላሳ ተማሪ የተቀመጠበት ክፍል ደግሞ ይታፈናል። ስለዚህ ጧት ስገባ የመጀመሪያው ሥራዬ አንዲት ወንበር ስቤ በሩን መደገፍ ነበር። በበሩ ላይ «እሳት የሚያግድ በር፤ ዘወትር ይዘጋ» የሚል ሰማያዊ ምልክት ተለጥፎበታል። ምልክቱን በየቀኑ አየው ነበር፤ አላነበብሁትም እንጂ።

ይህን ለአንባቢዎቼ የማወጋው፣ ዛሬ መምህርነቱን ትቼ የእሳት ሥጋት መርማሪ ለመሆን በመማር ላይ ስለምገኝ ነው። የምኖረው ለንደን ነው፤ በአሥራ አንድ ዓመቴ ከእናቴ ጋር ከአዲስ አበባ መጥቼ እዚሁ አደግሁ፤ ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም ወጥቼ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሆንሁ። በእንግሊዝ አገር በ1997 ዓ.ም. በወጣው ደንብ መሠረት (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው) መሥሪያ ቤትም ቢሆን፣ ሱቅም ቢሆን፣ ሆቴልም ቢሆን፣ የሕንፃው ኃላፊ የሆነ ሰው የእሳት ሥጋቱን መርምሮ ወይም አስመርምሮ ሊያስተካክል ይገባዋል። መርማሪው እሳት አያጠፋም፤ የራስ ቁርም አይደፋም። የሚይዘው የእጅ ባትሪ፣ ማስታወሻ ደብተርና ትንሽ ማስመሪያ ነው።

አሳቤን ለእናቴ የነገርኋት ቀን ቡና እያፈላች ነበር።

«እሳት አጥፊ ልትሆን ነው?» አለችኝ።

«አይደለም እማዬ፤ እሳቱ ሳይነሣ በፊት በሩን፣ ደረጃውን፣ የኤሌክትሪኩን ሽቦ ማየት ነው።»

«ያልተነሣ እሳት ምኑ ይመረመራል? መምህር የተባለ ልጅ በር ሊቆጥር!»

አልፈረድሁባትም። መምህር የሚለው ስም በእኛ ዘንድ ያለውን ክብር አውቃለሁ፤ እርሷም በባዕድ አገር የሰው ቢሮ እየጠረገች ያስተማረችኝ ይህንኑ ስም ለማየት ነው። ነገር ግን አሳቡን በልቤ የዘራው እርሷ ራሷ ይዛኝ የሄደችው የለቅሶ ቤት መሆኑን ያን ዕለት ልነግራት አልደፈርሁም።

ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ በምዕራብ ለንደን ግሬንፌል ታወር በተባለው ባለ 24 ፎቅ ሕንፃ፣ አራተኛው ፎቅ ላይ ከአንድ ቤት ማድ ቤት እሳት ተነሣ። መነሻው ፍሪጅ ነበር። የሕንፃው የውጭ ግድግዳ በሁለት የአሉሚኒየም ሉሆች መካከል ፕላስቲክ ባለበት ልባስ ተሸፍኖ ስለ ነበር፣ እሳቱ ወደ ውጭ ከወጣ በኋላ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ጣሪያው ደረሰ። 72 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም መካከል የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆች ይገኙ ነበር። እኔ ያን ጊዜ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ጢሱ ከመስኮታችን ይታይ ነበር። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለቅሶ ስትሄድ ተከተልኋት። በዚያ ቤት ከሰማሁት ሁሉ ያልረሳሁት፣ አንድ ሽማግሌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይህን ሕንፃ ደኅና ነው ብሎ የፈረመው ማነው?» ያሉት ነው። መልስ የሰጣቸው አልነበረም።

መልሱ ሰባት ዓመት ፈጀ። ነሐሴ 29 ቀን 2016 ዓ.ም. የወጣው የአጣሪው ጉባኤ የመጨረሻ ሪፖርት ጥፋቱን በብዙዎች ላይ አከፋፍሎታል፤ ከዚያም ውስጥ የሕንፃውን የእሳት ሥጋት ይመረምር የነበረው ሰው ሙያውንና ልምዱን አጋንኖ ማቅረቡን፣ ከማስረጃዎቹም አንዳንዶቹ የራሱ ፈጠራ መሆናቸውን ገለጠ። ማንም ተነሥቶ መርማሪ ነኝ እንዳይል፣ ችሎታን የማረጋገጥ ግዴታ በሕግ እንዲደነገግም አሳሰበ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሪፖርት ደግሞ ስለ በሮቹ ተናግሮ ነበር፤ መዝጊያ ክንዳቸው የተሰበረ ወይም ጭራሹን የሌላቸው የቤት በሮች ክፍት እየቀሩ ጢሱን ወደ መተላለፊያው አሳልፈውታል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ሳነብ አመሸሁ። በማግሥቱ ክፍሌ ስገባ እጄ እንደ ልማዱ ወደ ወንበሯ ሄደ፤ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ኬሚስትሪ ማወቄ ሥራውን ያቀልልኛል ብዬ ነበር። ለመንደድ የሚነድ ነገር፣ አየርና ሙቀት እንደሚያስፈልጉ ለልጆች ሳስተምር ኖሬአለሁ። ሰውን አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ነበልባሉ ሳይሆን ጢሱ መሆኑን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውም ጋዝ በደማችን ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ አጥብቆ እንደሚያያዝ በሰሌዳ ላይ ጽፌአለሁ። ይህን ሁሉ እየጻፍሁ ከኋላዬ በሩ በወንበር ተደግፎ ነበር!

በትምህርት ቤት ዕረፍት በተከታተልሁት የአምስት ቀን ትምህርት ያስተማሩን ጡረታ የወጡ የእሳት አደጋ መኮንን ናቸው። ግማሽ ቀን ሙሉ ስለ አንድ በር ብቻ አስተማሩን። በሩ እሳትን ለሠላሳ ደቂቃ እንዲያግድ ተብሎ የተሠራ ነው። በጠርዙ ዙሪያ የገባች ቀጭን ጥብጣብ አለች፤ ሙቀት ሲያገኛት እንደ ሊጥ ኩፍ ብላ ክፍተቱን ትደፍናለች። በበሩና በመቃኑ መካከል ያለው ክፍተት ግን ከአንድ ፓውንድ ሳንቲም ውፍረት እምብዛም መብለጥ የለበትም። ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት ስሄድ ሰላምታ ሳልሰጥ በፊት መቃኑን የማይ ሆኛለሁ፤ ጓደኞቼ ይሥቁብኛል።

ለልምምድ የተሰጠኝ ባለ ሦስት ፎቅ የእንግዶች ማረፊያ ነበር። አሥራ አንድ ገጽ ጻፍሁ፤ ስለ ሽቦው፣ ስለ ማድ ቤቱ፣ ስለ ደረጃው የቀረኝ የለም ብዬ ኮራሁ። ወረቀቴ ሲመለስ የሰው ደብተር ሳርም የኖርሁት ሰው ቀይ ቀለም ተሰምሮብኝ አገኘሁ። ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ «ሕንፃህ ሰው የለበትም» ይላል። መኮንኑ ጠርተው፣ «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት እዚያ የተኛው ማነው?» አሉኝ። ደወል የማይሰማ ደንቆሮ ይኖር እንደሆነ፣ ደረጃ መውረድ የማይችል ሽማግሌ ይኖር እንደሆነ፣ ትናንት የመጣና ቋንቋውን የማያውቅ እንግዳ ይኖር እንደሆነ አልጠየቅሁም። አፈርሁ። እናቴ እኮ ለንደን በገባንበት ዓመት አምስተኛ ፎቅ ላይ እንዲህ ያለች እንግዳ ነበረች፤ በመተላለፊያው የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ የማነብላት እኔ፣ የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጅ ነበርሁ።

አምና አዲስ አበባ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ለአንድ ጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ገባሁ። ልማድ ሆኖብኝ የኋለኛውን መውጫ ፈለግሁ፤ በመተላለፊያው የተከመረውን የአሮጌ መዝገብ ቁልል አልፌ ደረስሁበት። ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል።

«ጋሼ፣ የዚህ በር ቁልፍ የት ነው?» አልሁ አንዱን ዘበኛ።

«ከጓደኛዬ ዘንድ ነው።»

«እርሳቸውስ?»

«ምሳ ሄዷል።»

ሣቅሁ፤ ግን በ1903 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ በትራያንግል የልብስ ስፌት ፋብሪካ 146 ሰዎች ሲያልቁ ከደረጃዎቹ የአንደኛው በር ተቆልፎ እንደ ነበር ከተማርሁ ሳምንት አልሞላኝም ነበር። ሌባን የሚፈራ ቁልፍ እሳትን አያስብም። ይህን በቢሮ ሆናችሁ የምታነቡ ወዳጆቼ፣ እስቲ ተነሡና የኋለኛውን በር ሞክሩት፤ ጽሑፉ ይጠብቃችኋል።

ትምህርቱን በጨረስሁ በወሩ አንድ ድርጅት ጠራኝ። በቀን አራት ሕንፃ እንድመረምር፣ ክፍያውም በሕንፃ ቍጥር እንዲሆን አሳብ አቀረበልኝ፤ ሲባዛ ከመምህር ደመወዝ ይበልጣል። «አምስት ቀን ብቻ ነው የተማርሁት፤ የጻፍሁትን የሚያየው ማነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ሰውየው፣ «ቅጹን መሙላት ነው፤ አትጨነቅ» አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ሁለት ሌሊት አሰብሁበት፤ የእናቴን የጉልበት ሕመምና የቤት ኪራዩንም ደመርሁ። በሦስተኛው ቀን አይሆንም አልሁ። አሁን ከሰኞ እስከ ዓርብ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንዲት የብዙ ዓመት ልምድ ካላቸው መርማሪ ጋር እየዞርሁ፣ ባትሪ እየያዝሁ እማራለሁ። ፊርማው የእርሳቸው ነው። የራሴ መቼ እንደሚሆን የሚወስኑትም እርሳቸው ናቸው፤ እስካሁን «ገና ነህ» ብለውኛል።

ባለፈው እሑድ እናቴ፣ «እስቲ የእኔን ቤት መርምር» አለችኝ፤ ልታሾፍብኝ ነው። ከፍሪጁ ኋላ ስገባ በአንድ ማከፋፈያ ላይ ፍሪጁ፣ የእንጀራ ምጣዱና የውኃ ማፍያው ሦስቱም ተሰክተው አገኘሁ። ሶኬቱን ዳሰስሁት፤ ይሞቃል። ጠራኋትና እጇን አስነካኋት። ምንም አልተናገረችም፤ የምጣዱን ሶኬት ራሷ ነቀለችው። ማታ ስተኛ ከመኝታ ቤቷ ወጥታ የሳሎኑንና የማድ ቤቱን በር ስትዘጋ ሰማኋት፤ ከዚያም የእኔን በር ገፋ አድርጋ ዘጋችው።