የአጎቴ ሞስኮ

እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ አጎቴ ቱታ ለብሶ ከቶርኖ ማሽን አጠገብ የቆመበት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ጎኑ አንድ ፈረንጅ አለ፤ ማሽኑ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ደግሞ በሩሲያ ፊደል ነው። ዘጌ ያሉ ዘመዶቻችን ዛሬም ድረስ «ሞስኮ የተማረው» ይሉታል። አያቴም እስክታርፍ ድረስ የምታወራው ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ከአጎቴ ዕቃ ውስጥ ፓስፖርት አልተገኘም፤ ከሩቅ አገር የተጻፈ አንዲት ደብዳቤ እንኳ የለችም።

ፎቶውን ባሕር ዳር አንድ ፎቶ ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው በስካነር አንስቶ፣ አጉልቶ፣ በብርሃን የነጣውን መስኮት ጠቆር ሲያደርገው ከመስኮቱ ማዶ የዘንባባ ቅጠል ብቅ አለ። ልቤ መታ። ጊዜ ሳላጠፋ ፖሊቴክኒክ ተምረው አሁን ጡረታ ላይ ወዳሉ አንድ አዛውንት ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ትንሽ አዩትና «ልጄ፣ ይሄማ የእኛ ወርክሾፕ ነው» አሉኝ።

የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ እ.ኤ.አ. በ1963 በኢትዮጵያና በሶቪየት ኅብረት የቴክኒክ ትብብር የተቋቋመ ትምህርት ቤት ነው። የእርሻ መሣሪያ፣ የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ፣ ብረታ ብረት፣ እንጨት ሥራ፣ ጨርቃ ጨርቅና ኤሌክትሪክ ይሰጥበት ነበር። በወቅቱ ከተማዋ በእርግጥም የሠለጠነ እጅ ያስፈልጋት ነበር። ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1961 ተቋቁሟል፤ የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫም እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ጀምሯል። ፖሊቴክኒኩ በኋላ ፔዳ ከሚባለው የመምህራን ኮሌጅ ጋር ተጣምሮ ሚያዝያ 28 ቀን 1992 ዓ.ም. የተመረቀው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በሁለቱ ግቢዎች ዛሬ የሚርመሰመሰውን ተማሪ ሳይ፣ የሞስኮው ወሬያችን ይህችን ከተማ በድሏታል እላለሁ። ያን ያህል ሙያ እዚሁ ጣና ዳር ይገኛል ብሎ ማመን ለምን ከበደን?

መልሱን ያገኘሁት ዘጌ፣ ከአክስቴ ዘንድ ነው። ቡና እያፈላች ነበር፤ የጎላውን ፎቶ ሳሳያት አልደነገጠችም።

«አባታችን መሪጌታ አይደሉ? ቅኔ ቤት ነበር ያስገቡት» አለችኝ። «እሱ ያንን ጥሎ ባሕር ዳር ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገባ፤ ከዚያ ደግሞ ፈጣሪን ክደዋል ከሚባሉት ሰዎች ዘንድ። ለደብሩ ካህናት ምን ተብሎ ይነገር? እናታችን ናት ‹ልጄ ሩቅ አገር ሄዷል› ያለችው። ሩቅ ያለን ልጅ ማን ይወቅሳል?»

«ታዲያ አያቴ ሳታየው ኖረች?»

«ኧረ ወዲያ! ቅዳሜ ቅዳሜ ቡናዋን በታንኳ ጭና ባሕር ዳር ገበያ ትወርድ የለም? ግቢው በር ላይ አስጠርታ ስንቁን ሰጥታው፣ ዓይኑን አይታ ትመለሳለች። ማታ ሰው ስለ ልጇ ሲጠይቃት፣ ሞስኮ።»

አያቴ መሪጌታ ይህን ሁሉ ሳያውቁ ነው ያረፉት ማለት ነው ብዬ አዘንኩላቸው። አክስቴ ጀበናውን አስቀመጠች።

«እንዴት አያውቁም? ስንቁን ታንኳው ላይ የሚጭኑት እሳቸው ነበሩ።»